መልስ፦ የሕፃናት ኤችአይቪ ሕክምና ወደፊት ሥራ ይኖረዋል ወይ?

ወንድሜ፣ በሕፃናት ሕክምና ስፔሻላይዝ አድርገህ ኤችአይቪ ላይ መሥራት እንደምትፈልግ፣ ግን ቫይረሱ ይዟቸው የሚወለዱ ሕፃናት እየቀነሱ ስለሆነ ሥራው ያልቃል ብለህ እንደሰጋህ ጽፈሃል። አያልቅም፤ መልኩን ነው የቀየረው።

ድሮ ጭንቀቱ ሕፃኑን በሕይወት ማቆየት ነበር። ካልታከሙት ግማሽ ያህሉ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው የ«ቼር» ጥናት፣ ሕመም እስኪታይ ሳይጠብቁ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መድኃኒት ማስጀመር ሞትን በ76 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። መድኃኒቱ ራሱ ግን ፈተና ነበር። ሎፒናቪር የሚባለው የኤችአይቪ መድኃኒት ሽሮፑ ከመምረሩ የተነሣ እናት አፍንጫውን ይዛ ስታጠጣው ልጁ መልሶ ይተፋባታል። ዛሬ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ዶሉቴግራቪር የሚባል ባለ10 ሚሊግራም የሕፃናት ክኒን አለ፤ ተመስገን ነው።

አሁን ከባዱ ጉርምስናው ነው። አያቱ «የሳንባ መድኃኒት ነው» እያለች ያሳደገችው ልጅ 13 ዓመት ሲሞላው ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ፊትህ ቁጭ ብሎ «ዶክተር፣ ሳል የለብኝም፤ ለምንድን ነው የምውጠው?» ይልሃል። ያኔ እውነቱን ማን፣ መቼ፣ እንዴት ይንገረው? ወደ አዋቂዎች ክሊኒክ ሲዛወርስ ማን ይከታተለዋል? ለእኔ ትልቁ የምርምር ጥያቄ እዚህ ጋ ነው።

ጥቁር አንበሳ አካባቢ ካለህ፣ ሦስቱን የሬዚደንሲ (የስፔሻላይዜሽን ሥልጠና) ዓመታት ሳትጠብቅ ከአሁኑ አስፈቅደህ ከአማካሪ ነርሶቹ ጋር ተቀመጥ። ስለዚህ ጉዳይ ከብዙዎቻችን ሐኪሞች በላይ ያውቃሉ።