ሥነ ልቦና ልታጠኑ ላሰባችሁ ልጆቼ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የደብረ ብርሃን ልጅ ደወለችልኝ። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። «ጋሼ፣ ሥነ ልቦና ስንት ዘርፍ አለው? የትኛውን ብይዝ ይሻለኛል?» አለችኝ። አጭር መልስ ሰጥቻት ስልኩን ዘጋሁ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አንድ የድሮ ተማሪዬ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ መንዝ ውስጥ አስተምር ነበር። ገና ከኮሌጅ መውጣቴ ነው። የሥነ ልቦና ኮርሶቼን በጥሩ ውጤት ጨርሻለሁ። ሰው የሚባለውን ነገር ያወቅኩት መስሎኝ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ደወል የለውም። ዘበኛው ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ በብረት ይመታል። የምሳው ሰዓት ሲመታ የልጆቹ ሆድ ይጮሃል። እኔም «ይኸው ፓቭሎቭ!» እል ነበር በልቤ። ሩሲያዊው ፓቭሎቭ ውሾች ምግቡ ሳይቀርብላቸው፣ ምልክቱን ብቻ ሰምተው ምራቃቸው እንደሚመጣ ያሳየ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 ኖቤል የተሸለመው ግን በምግብ መፈጨት ጥናቱ ነው። ይህን ለባልደረቦቼ ስነግራቸው ደስ ይለኝ ነበር።

ያ የድሮ ተማሪዬ ዘጠነኛ ክፍል ነበር። ከገጠር መጥቶ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ ነው የሚማረው። ቅዳሜ ቤተሰቡ ጋ ይሄድና እሑድ ስንቁን አዝሎ ይመለሳል። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ። የመንዝን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ ከኋላ ጥግ ይቀመጣል። ስጠይቀው «አቤት?» ይላል። ስደግምለት አሁንም «አቤት?»። ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ቸርኬው ሲመታም ሌሎቹ ሲነሱ አይቶ ነው የሚነሳው። ይህን ሁሉ በዓይኔ እያየሁ «ግድየለሽ» የሚል ስም አወጣሁለት።

ሽልማትና ቅጣት ባህሪን እንዴት እንደሚለውጥ ያጠናውን አሜሪካዊ፣ ስኪነርን፣ አንብቤ ስለነበር ጥሩ ለመለሰ እስክሪብቶ እሸልማለሁ። እሱን ግን የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ደጅ አቆምኩት። አንድ ቀን ብቻ አይደለም። ቅጣት አንድን ባህሪ ይቀንሳል ይላል መጽሐፉ። እውነትም ቀነሰ። ልጁ «አቤት» ማለቱን ተወ። ጭራሽ ዝም አለ። እኔ ደግሞ ተሳካልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ከዚያ የባሰው ሻይ ስንጠጣ ያደረግኩት ነው። «እሱ ልጅ አይረባም» ብዬ ለሌሎቹ መምህራን ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ ማንም እጁን አየህ ወይ፣ ደብተሩን አየህ ወይ የሚል አልነበረም። ከዓመታት በኋላ ሮዘንታልና ጃኮብሰን ስለተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሥራ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተሙት ነው። በዕጣ የተመረጡ ልጆችን «እነዚህ ዘንድሮ ጎበዝ ይሆናሉ» ብለው ለመምህራን ነገሩ። በተለይ በታችኞቹ ክፍሎች የነበሩት ልጆች ከሌሎቹ የበለጠ ተሻሻሉ። ጥናቱ ብዙ አከራክሯል። እኔ ግን ሳነበው ያ የሻይ ሰዓት ትዝ ብሎኝ መጽሐፉን ከደንኩት።

ልጁ ከፋሲካ በኋላ አልተመለሰም። ሰኔ ላይ እናቱ መልቀቂያ ሊወስዱለት አብረውት መጡ። ፊቴ ሲደርስ ዝም ብሎ ቆመ። እናቱ ወደ ግራ ጆሮው ጠጋ ብለው ጮክ አሉ፦ «መምህርህን ሰላም በላቸው እንጂ!» ያን ጊዜ ዞር ሲል ጋቢው ሸርተት አለ። ቀኝ ጆሮው ውስጥ ቢጫ የሆነ ጥጥ ነበር።

«ከሕፃንነቱ ጀምሮ ይመግልበታል» አሉኝ። «ግራውም ደከም ያለ ነው። ጻድቃኔ ማርያም ወስጄው ነበር፤ ሻል ይለውና ደግሞ ይነሳበታል። አልነገረዎትም እንዴ?»

አልጠየቅሁትማ! የክፍል ኃላፊው እኔ ነበርኩ። «ይቆይ፣ መስከረም ላይ ከፊት አስቀምጠዋለሁ» ማለት እችል ነበር። ሐኪም ቤት ይሂድ ማለት እችል ነበር። አፍሬ ወረቀቱ ላይ ፈረምኩ። እናቱ መርቀውኝ ሄዱ።

እንግዲህ ስለ ዘርፎቹ ለጠየቅሽኝ ልጄ። ስለ ሰው እድገት የሚያጠና አለ። ስለ መማርና ማስተማር የሚያጠና አለ። ማኅበራዊ ሥነ ልቦና አለ፤ ያ የክፍሉ ሳቅ አንድን ልጅ ምን እንደሚያደርገው የሚነግርሽ እሱ ነው። ስለ ትኩረት፣ ስለ ማስታወስና ስለ ማሰብ የሚያጠናው ኮግኒቲቭ ይባላል። ክሊኒካሉ የታመመውን በምክርና በንግግር ሕክምና ይረዳል፤ መድኃኒት የሚያዘው ሳይካትሪስት ግን ሐኪም ነውና ሁለቱን አታደባልቂ። የሥራ ቦታም ሥነ ልቦና አለ፤ እሱን ብዙ አላውቀውም። ያ ልጅ ግን በየትኛው ዘርፍ ይገባ ነበር? በሁሉም ነው።

የመግቢያ መጽሐፍ ስትገልጪ መጀመሪያ አካባቢ ስለ ስሜት ሕዋሳት የሚያወራ ምዕራፍ አለ። ዓይን፣ ጆሮ፣ ቆዳ። ተማሪ ሁሉ ቶሎ አልፎት ሕልምን ይተረጉም ወደነበረው ሐኪም ወደ ፍሮይድ ይሮጣል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ጀርመናዊው ቩንት እ.ኤ.አ. በ1879 ላይፕዚግ ከተማ የሥነ ልቦና ቤተ ሙከራ ሲከፍት ግን አንዱ ትልቅ ሥራው ይኸው ነበር፤ ሰው ድምፅ ሰምቶ ምላሽ እስኪሰጥ ስንት ጊዜ ይወስድበታል የሚለው። ትምህርቱ ራሱ ከጆሮ ጀምሮ እኔ ጆሮን ዘለልኩት።

ሌላም አንድ ነገር እወቁልኝ። ሌላው ሰው ሲያጠፋ ጠባዩን እንወቅሳለን፤ ያለበትን ሁኔታ አናይም። ሊ ሮስ የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1977 መሠረታዊ የግምት ስህተት ብሎ ስም የሰጠው ይህን ነው። እኔ ሳረፍድ መንገዱ ነው፤ ተማሪዬ ሲያረፍድ ስንፍናው ነው።

የዛሬ ልጆች ስም ማውጣት ትወዳላችሁ። ቲክቶክ አይታችሁ አንዱን «ናርሲሲስት» (ራሱን ብቻ የሚወድ) ሌላውን «ትራውማ (የውስጥ ቁስል) አለበት» ትላላችሁ። ያበሳጨኛል። ግን ደግሞ እውነቱን ልናገር፤ «ደብሮኛል፣ እርዱኝ» ብሎ በአፉ የሚናገር ትውልድ ሳይ እቀናለሁ። በእኛ ጊዜ ሰው ውስጡ እየነደደ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ስሙን ተማሩት። ልጁን ሳትጠይቁ ግን አትለጥፉበት።

የትኛውን ልያዝ ላልሽው፣ አሁን አትወስኚ፤ ሁለት ዓመት ሁሉንም ቅመሺ። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን የትምህርት ሥነ ልቦና ያዢ። ለምን እንደሆነ ገብቶሻል።

አሁን ጡረታ ወጥቼ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ቅዳሜ ገበያ እወጣለሁ። በብርዱ ምክንያት ወንዱ ሁሉ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቧል። በዕድሜው ያን ልጅ የሚሆን ጎልማሳ ሳይ በግራ በኩል ዞሬ ጮክ ብዬ ሰላም እላለሁ። እስካሁን አላገኘሁትም።