ካልኩለስ ከሲቪል ያስቀረኛል ወይ ላልሽኝ እህቴ

«ፍሬሽማን ነኝ፤ ሲቪል ምህንድስና መግባት እፈልጋለሁ። የሒሳብ ሚድ ከ30 11 አመጣሁ። ሥራ ላይ ያሉ ልጆች ደግሞ ካልኩለስ ነክተን አናውቅም ይላሉ። ለማይጠቅም ነገር ከምሰቃይ ወደ ሶሻል ልዙር?» ብለሽ ጽፈሽልኛል።

እህቴ፣ በአንድ ሚድ ተስፋ አይቆረጥም። ሶሻል ገብተሽ ኢኮኖሚክስ ብትመርጪም ካልኩለስ እዚያው ይጠብቅሻል።

የላክሽልኝን የፈተና ወረቀት ደጋግሜ አየሁት። ዴሪቬቲቩን (አንዱ ሲቀየር ሌላው በምን ፍጥነት እንደሚቀየር የሚነግርሽን) በትክክል አውጥተሽዋል። የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። ቅንፍ ስትፈቺ የመቀነስ ምልክቱ ጠፋ፤ ሁለት ቦታ ደግሞ ክፍልፋይ ስትደምሪ ታችኛውን ቁጥርም ደመርሽው። ይሄ ካልኩለስ አይደለም፤ የታች ክፍል ሒሳብ ነው። ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ አንድ ሰዓት ቅንፍ፣ ክፍልፋይና ፋክተር ማውጣት ብቻ ሥሪ። በእጅሽ፣ ያለ ካልኩሌተር። አታፍሪበት።

«ምን ያደርጋል» ላልሽው ደግሞ መርካቶ ምናለሽ ተራን አስቢ። አራቱም ጎኑ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቆርቆሮ አለሽ። ከአራቱ ጥግ እኩል ካሬ ቆርጠሽ አውጥተሽ፣ ጎኖቹን ወደ ላይ አጥፈሽ ክዳን የሌለው ሳጥን ልትሠሪ ነው። 5 ሳንቲ ብትቆርጪ 12.5 ሊትር ይይዛል። 15 ብትቆርጪ 13.5። 10 ብትቆርጪ ግን 16 ሊትር! ከዚያ ቆርቆሮ ከዚህ የበለጠ አይወጣም። ቆርቆሮ ሳታበላሺ 10ን የምታገኚው የይዘቱን ዴሪቬቲቭ ዜሮ አድርገሽ ነው። ስሌቱ 30ንም ይሰጥሻል፤ 30 ከቆረጥሽ ግን ቆርቆሮው ያልቃል፣ ሳጥን የለም። የትኛው መልስ እንደሚሠራ የምትለዪው አንቺ ነሽ።

ሲቪል ስትገቢ ይኸው ነገር ቢም ላይ (ጭነት የሚሸከመው አግዳሚ ላይ) ይመጣል። ጭነቱን ኢንቲግሬት ስታደርጊ (የዴሪቬቲቭ ተቃራኒ ነው) ሺር፣ ማለትም ቢሙን ሊቆርጠው የሚሞክረው ኃይል ይወጣል፤ ሺሩን ኢንቲግሬት ስታደርጊ ሞመንት፣ ማለትም ቢሙን የሚያጎብጠው። በሁለት ጫፉ ድጋፍ ላይ ያረፈ ቢም ሞመንቱ የሚበረታው ሺሩ ዜሮ የሚሆንበት ቦታ ላይ ነው። ሺሩ የሞመንቱ ዴሪቬቲቭ ስለሆነ የሳጥኑ ሒሳብ ራሱ ነው እኮ! የኮንክሪት ቢሙ የታችኛው ብረት በደንብ መግባት ያለበትም እዚያ ነው።

ነክተን አናውቅም ያሉሽ ልጆች አልዋሹሽም። ቢሮ ውስጥ ኢታብስ የሚባለው የሕንፃ ማስያ ሶፍትዌር ያሰላላቸዋል። ግን ጭነቱ በስህተት ቢገባ ሶፍትዌሩ ዝም ብሎ ነው የሚያሰላው። የሺሩንና የሞመንቱን ሥዕል አይቶ «ቆይ፣ ይሄ ልክ አይመስለኝም» የሚል ሰው ያስፈልጋል። አንቺ ያንን ሰው እንድትሆኚ ነው የምፈልገው።

ዛሬ ማታ ጎኑ 36 ሳንቲ በሆነ ቆርቆሮ ሳጥኑን ሥሪው። መልሱ 6 ነው። ካልመጣልሽ ወረቀቱን ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፤ የቱ መስመር ላይ እንደተበላሸ አብረን እናያለን።