«ግጭት» ወይስ «መላተም»? ሳይነካኩ ስለሚጋጩ ቅንጣቶች

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ለተማሪዎቼ በአማርኛ ማስታወሻ ሳዘጋጅ «የቅንጣቶች ግጭት» ብዬ ጻፍኩ። ባልደረባዬ አይቶ «ግጭት የዜና ቃል ነው፤ ደግሞስ ሳይነካኩ እንዴት ተጋጩ ይባላል? ኮሊዥን ብለህ እለፈው» አለኝ። «መላተም» አይሻልም? «ስካተሪንግ»ንስ «ብተና» ብለው ያስኬዳል?

መልስ፦ ባልደረባዎ ካነሷቸው ሁለት ነጥቦች የሚከብደው «ሳይነካኩ» ያሉት ነው፤ ከእሱ ልነሳ።

በዛሬው ፊዚክስ መነካካት የግጭት መለኪያ አይደለም። ሁለት አካላት ለአጭር ጊዜ በብርቱ ተገፋፍተው ወይም ተሳስበው ሞመንተም (የግዝፈትና የፍጥነት ብዜት) እና ጉልበት ከተለዋወጡ ተጋጭተዋል። (ጉልበት የምለው ኢነርጂን ነው፤ ፎርስን ጉልበት የሚሉ እንዳሉ አውቃለሁ፣ እኔ ግን ለእሱ ኃይልን እመርጣለሁ።) የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ጋይገርና ማርስደን እ.ኤ.አ. በ1909 የአልፋ ቅንጣቶችን (የሂሊየም ኑክሊየሶችን) በስስ የብረት ገጽ ላይ ሲለቁ ጥቂቶቹ ዞረው ወደ መጡበት ተመለሱ። ራዘርፎርድ በ1911 ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ የመለሳቸው በአተሙ መካከል፣ ዛሬ ኑክሊየስ በምንለው ቦታ፣ የተከማቸ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ነው አለ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 7.7 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ይዞ በቀጥታ ወደ ወርቅ ኑክሊየስ የሚገሰግስ የአልፋ ቅንጣት ከኑክሊየሱ መሐል 30 ፌምቶሜትር (አንዱ 10⁻¹⁵ ሜትር ነው) ገደማ ሲቀረው ቆሞ ይመለሳል። የኑክሊየሱ ራዲየስ 7 ፌምቶሜትር ያህል ነው። አልተነካኩም፤ ግን ከዚህ የበለጠ ምን ግጭት አለ?

ባልደረባዎ ይህ የአተም ዓለም ጉዳይ ነው ካሉ፣ ጣና ዳር ይውሰዷቸውና ሁለት ታንኳዎች ሲገናኙ ያሳዩአቸው። ደንገሉ ደንገሉን «ነካው» የምንለው፣ የአንዱ አተሞች ኤሌክትሮኖች የሌላውን ከተወሰነ ርቀት በላይ አላስጠጋ ሲሉ ነው። መነካካት የዚህ መገፋፋት የዓይናችን ስሙ ነው።

አሁን ወደ ሰዋስው። አማርኛ «ገጨ» እና «ተጋጨ» ብሎ ይለያል። «ታንኳው ድንጋዩን ገጨው» ሲባል ገጪና ተገጪ አለ። «ታንኳው ከድንጋዩ ጋር ተጋጨ» ሲባል፣ «ተ» ከፊት ገብቶ የመጀመሪያው ፊደል ወደ ራብዕ ሲዞር ድርጊቱ የሁለቱም ይሆናል። ኒውተን በ1687 ያሳተመው ሦስተኛ ሕግ የሚለውም ይህንኑ ነው፤ ድንጋዩ ታንኳውን የገፋበት ኃይል ታንኳው ድንጋዩን ከገፋበት ጋር እኩል፣ አቅጣጫው ተቃራኒ። ስለዚህ ማስታወሻዎ ላይ «ገጨ»ን ትተው «ተጋጨ»ን ይጻፉ። የአተም ዓለም ፊዚክስ የሆነው ኳንተም ሜካኒክስ ደግሞ ይህን ምርጫ ግዴታ ያደርገዋል። ሁለት ኤሌክትሮኖች ተጋጭተው ሲወጡ የቱ የትኛው እንደነበር መለየት መሣሪያ ስላነሰን የቀረ ነገር አይደለም፤ ጥያቄው ራሱ መልስ የለውም። የፊዚክስ ሊቁ ኔቪል ሞት (Mott) በ1930 እንዳሰላው ይህ በቁጥር ይታያል። በሁለቱ የጋራ የግዝፈት መሐል ሆነን ስንመለከት፣ በ90 ዲግሪ የሚወጡ የአልፋ ቅንጣቶች ክላሲካሉ (ከኳንተም በፊት የነበረው) ስሌት ከሚሰጠው ሁለት እጥፍ ናቸው፤ ስፒናቸው (ውስጣዊ ሽክርክሪት የሚመስል ባሕርያቸው) በየአቅጣጫው የሆነ ኤሌክትሮኖች ግን ግማሹ ብቻ። «አንደኛው ሌላኛውን ገጨው» የሚል ዓረፍተ ነገር እዚህ ቦታ ባለቤት የለውም። «ተጋጩ» ግን ይቆማል።

ስለ ምንጩ ካነሳን፣ «ግጭት» ከ«ርጭት» እና ከ«ፍጅት» ጋር አንድ ቤት ነው፦ ረጨ ርጭት፣ ፈጀ ፍጅት፣ ገጨ ግጭት። ግሶቹ ዛሬ ሁለት ፊደል ብቻ የቀራቸው የመጨረሻዋ «የ» ወድቃ ነው፤ ስትወድቅም ጎረቤቷን ቀይራ ሄደች። ግእዝ «ላጸየ» ያለውን አማርኛ «ላጨ» ማለቱን ያስተውሉ። ከ«ቆረጠ» «ቆራጭ»፣ ከ«ወሰደ» «ወሳጅ» የሚወጣውም በዚሁ መንገድ ነው። «ግጭት» እንግዲህ በጋዜጠኛ የተፈጠረ ሳይሆን በደንብ የተሠራ አሮጌ ስም ነው። ዜናው ለጠብ ተዋሰው እንጂ የዜና አይደለም።

ይህን ሁሉ ብዬም ልቤ ያለው «መላተም» ላይ ነው። ማዕበል ከዳርቻ ጋር «ይላተማል» እንጂ «ይጋጫል» ሲባል ጆሮ አይቀበለውም፤ ቃሉ ውስጥ መጥቶ መምታትም ተመልሶ መሄድም አለ። ዐረብኛም ለሞገድ «ተላጠመ» ይላል። በእኛ «ተ» በእነሱ «ጠ» ስለሆነ ለዝምድና ማስረጃ አድርጌ አላቀርበውም፤ የሁለቱ ሕዝቦች ጆሮ አንድ ዓይነት ነገር መስማቱ ግን ደስ ይለኛል። ስም ከተፈለገም ከ«ተፋለመ» «ፍልሚያ» እንደወጣ ከ«ተላተመ» «ልትሚያ» ይወጣል። የሚጽፈው ግን አላገኘሁም። ተማሪውም፣ ትራፊክ ፖሊሱም፣ መምህሩም «ግጭት» ይላል፤ ቃሉ አሸንፏል፣ እኔም ሳልወድ እቀበላለሁ።

የማልቀበለው «ተለጣጭ ግጭት» የሚለውን ነው። «ኢላስቲክ»ን ከላስቲክ ጋር ያገናኘ ሰው ያወጣው ይመስላል። ጠንካራ የብረት ኳሶች ሲጋጩ ከሞላ ጎደል ኢላስቲክ ናቸው፤ ብረት ግን ማን «ተለጣጭ» ብሎት ያውቃል? መለኪያው የእንቅስቃሴ ጉልበት ከግጭቱ በፊትና በኋላ እኩል መሆኑ ነው። «ነጣሪ ግጭት» ይበሉት፤ ኳስ ይነጥራልና ልጅም ይገባዋል። ተቃራኒውን ጫፍ «ተጣባቂ ግጭት» ይበሉ፣ ምሳሌውንም ከዚያው ከሐይቁ ይውሰዱ። ከነጭነቱ 200 ኪሎ ግራም የሆነ ታንኳ በሰከንድ 1 ሜትር ሄዶ፣ ቆሞ ከነበረ አቻው ጋር ተጋጭቶ ቢጣበቅና የውሃውን መጎተት ለዚያች ቅጽበት ብንተው፣ አብረው የሚሄዱት በሰከንድ 0.5 ሜትር ነው። የእንቅስቃሴ ጉልበቱ ከ100 ጁል ወደ 50 ይወርዳል፤ የቀረው ደንገሉን ጨፍልቆ፣ ድምፅና ሙቀት ሆኗል። ተማሪ 0.71 ብሎ ከመለሰልዎ ስህተቱን አይፈልጉ፣ ሞመንተሙን ትቶ የእንቅስቃሴ ጉልበቱን እኩል አድርጎ ነው። «እንድርድሪት» የሚለው የሞመንተም ስም ከ«ተንደረደረ» በመውጣቱ እዚህ ያግዛል፤ መንደርደር ከሁለቱ በአንዱ ይቀንሳል በሌላው ይጨምራል እንጂ ድምሩ አይጠፋም።

«ብተና»ን በተመለከተ፣ ባለቤቱን ካስተካከሉ ያስኬዳል። የሚበተን ብዙ ነገር ነው፤ እህል፣ ሕዝብ፣ መንጋ። አንዲት ቅንጣት «ተበተነች» ካሉ ተማሪው የተሰባበረች ይመስለዋል። «ጨረሩ ተበተነ፤ ቅንጣቷ ከመንገዷ አፈነገጠች» ይበሉ። የመጋጨት ዕድሉን መጠን የሚለካውንም (ክሮስ ሴክሽን) «መስቀለኛ ስፋት» ከማለት «የግጭት ስፋት» ማለት ይበልጣል፤ መስቀል የለበትም፣ ቅንጣቷ ለመጪው ያቀረበችው ዒላማ ስንት ካሬ ሜትር ያህላል ነው ጥያቄው። መለኪያው ባርን፣ 10⁻²⁸ ካሬ ሜትር፣ ስሙ በእንግሊዝኛ ጎተራ ማለት ነው፤ ለኑክሊየስ ሰዎች ይህ እንደ ጎተራ ሰፊ ዒላማ ነውና።

«ኮላይደር»ን ግን በውሰት አይለፉት። አማርኛ «አጋጨ» አለው፣ ከዚያም «ማጋጫ»፤ «የቅንጣት ማጋጫ» ሙሉ ስም ነው። በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ያለው የሰርን ምርምር ማዕከል ማጋጫ ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ፕሮቶኖችን በ13.6 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት ማጋጨት ጀመረ። እዚህም የግስ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በየ25 ናኖ ሰከንዱ ከመቶ ቢሊዮን የሚበልጡ ፕሮቶኖችን የያዙ ሁለት ጭፍሮች ፊት ለፊት ሲገናኙ፣ ከዚያ ሁሉ የሚጋጩት ጥቂት አሥሮች ጥንዶች ናቸው። ስለዚህ «ጭፍሮቹ ይተላለፋሉ፣ ጥቂት ፕሮቶኖች ይጋጫሉ» ብለው ይጻፉ። «ይላተማሉ» ብለው ቢጽፉትም አላርምዎትም።