«ኢ-ተንቀሳቃሽ ሆኑ» ወይስ «መዋኘት ተሳናቸው»?

ጥያቄ፦ የአንድ ኬሚካል ፍተሻ ዘገባ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ፍተሻው ኬሚካሉ በ48 ሰዓት ውስጥ ዳፍኒያ የሚባሉትን ትናንሽ የኩሬ እንስሳት ምን ያህል እንደሚጎዳ ይለካል። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ተቸገርኩ። ከ20 እንስሳት 11ዱ የደረሰባቸውን ነገር እኔ «ሞቱ» ብዬ ጻፍኩ። አርታኢዬ ሰርዛ «ኢ-ተንቀሳቃሽ ሆኑ» አለች። ባልደረባችን ደግሞ «መንቀሳቀስ አቆሙ» ይሻላል ባይ ነው። ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ ጥያቄዎ ለዓመታት ሲከነክነኝ የኖረ ነገር ነካ። በአማርኛ «አለመሆንን» እንዴት እንናገር? ይህ ለእኔ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ መልሱ ትንሽ ቢረዝም ይታገሡኝ። ባጭሩ ግን ከሦስቱ አንዱም አላረካኝም።

ቃሉን ከመምረጣችን በፊት የሆነውን ነገር እንይ። ዳፍኒያ ከሸርጣን ወገን የሆነች ደቃቅ እንስሳ ናት። ለዚህ ፍተሻ በብዛት የምትመረጠው ዳፍኒያ ማግና ስታድግ እንኳ 5 ሚሊሜትር ገደማ ብትሆን ነው። ለፍተሻው የሚወሰዱት ደግሞ ከተወለዱ 24 ሰዓት ያልሞላቸው ናቸው። ለእያንዳንዱ የኬሚካል መጠን ቢያንስ 20 ይመደባሉ። አብዛኛውን ጊዜ አምስት አምስት ሆነው በአራት ዕቃ ይገባሉ። በፍተሻው ጊዜ ምግብ አይሰጣቸውም። በ24ኛውና በ48ኛው ሰዓት ይቆጠራሉ።

አቆጣጠሩ ላይ ነው የቋንቋው ነገር ያለው። ፈታሹ ዕቃውን ቀስ አድርጎ ያንቀሳቅሳል። ከዚያ 15 ሰከንድ ይጠብቃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ያልዋኘችው ትቆጠራለች። ኦኢሲዲ የሚባለው የአገሮች ድርጅት በቁጥር 202 ያወጣውና በ2004 እ.ኤ.አ. የታደሰው መመሪያ አንድ ነገር ይጨምራል፦ አንቴናዋን ብታወዛውዝም እንኳ ካልዋኘች ትቆጠራለች።

እንግዲህ «ሞቱ» ወደቀ። ሰውነቷ ብርሃን ስለሚያሳልፍ በማይክሮስኮፕ ልቧ ሲመታ ይታያል። ከተቆጠሩት መሐል ልባቸው የሚመታ ሊኖር ይችላል። ይህችን የምታክል እንስሳ ሞታለች ወይስ አልሞተችም ብሎ በዓይን መፍረድ ከባድ ነው። መዋኘቷ ግን ወዲያው ይታያል። መመሪያው ሞትን ትቶ ዋናን የመረጠው ለዚህ ነው። ተርጓሚው «ሞቱ» ሲል ፈታሹ ያላየውን አየ ያሰኘዋል።

ወደ አርታኢዎ ቃል ልምጣ። «ተንቀሳቀሰ» ከየት መጣ? ከ«ቀሰቀሰ» ነው። ከእንቅልፍ ቀሰቀሰው እንላለን። ጠብ ቀሰቀሰ እንላለን። ሁለት ፊደል ተደጋግሞ፣ ፊቱ «ተን» ሲገባ አንድ የግሥ ቤተሰብ ይወለዳል፦ ተንቀጠቀጠ፣ ተንገዳገደ፣ ተንቀሳቀሰ። እነዚህን ግሦች ጮክ ብለው ይበሏቸው። ቅርጻቸው ራሱ ይንቀጠቀጣል። ሁሉም ትንሽ፣ ተደጋጋሚ፣ ቦታ መልቀቅን የማያስገድድ ንቅናቄ ያመለክታሉ። ተኝቶ ጣቱን ያነሣ ሰው ተንቀሳቅሷል። አንቴናዋን ያወዛወዘች ዳፍኒያም ተንቀሳቅሳለች። ስለዚህ «ኢ-ተንቀሳቃሽ» ማለት፣ መመሪያው «ብትንቀሳቀስም ቁጠራት» ያለውን ገልብጦ መናገር ነው።

የበለጠ የሚቆረቁረኝ ግን ያቺ «ኢ» ናት። «ኢ» የግእዝ አፍራሽ ናት። መኖሪያዋ በተለይ ግሥ ነው፦ መጽአ (መጣ)፣ ኢመጽአ (አልመጣም)። አማርኛ ሲያፈርስ የራሱ መንገድ አለው። «አልዋኘችም» ይላል፣ ከፊትም ከኋላም ይዞ። ግሡ ቅጽል ሲሆን «የማትዋኝ» ይላል፣ የኋላዋን «ም» ጥሎ። ስም ሲፈልግ «አለመዋኘት» ይላል። ነገሩ እንዲህ የተሟላ ነው። የሚጎድለው ነገር ስለሌለ ብድር አያስፈልገውም።

በዚህ ላይ የሚሞግቱኝ አሉ። ሳይንስ አጭርና ቁርጥ ያለ ቃል ይፈልጋል፣ «ኢ»ም ይህን ትሰጣለች ይላሉ። ኢሰብአዊ፣ ኢፍትሐዊ፣ ኢመደበኛ እያልን አይደለም ወይ? ደግሞስ «ኢአማኒ» ስም ላይ ገብታ የለም ወይ? ልክ ናቸው። እኔም «ኢፍትሐዊ» እላለሁ። ማስረጃው በእነሱ በኩል እንደሆነ አልክድም። ግን እነዚህ ሁሉ የተጣበቁት ከግእዝ በመጣ ወይም ግእዝ ግእዝ በሚሸት ቃል ላይ ነው። «ተንቀሳቃሽ» የለየለት የአማርኛ ቃል ነው። ሁለቱ ሲጋቡ ጆሮዬ አይቀበለውም። ይህ የእኔ ጆሮ ነው፤ ሕግ ነው አልልም።

አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ተሸንፌያለሁ። የዘገባዎ ርዕስ ላይ አከርካሪ ስለሌላቸው እንስሳት የሚወራ ይመስለኛል። ለእነሱ «ኢ-ደንደሴ» የሚለው ቃል አለ። ደንደስ የቢላዋ ጀርባ ነው፣ ያልተሳለው ወገን። ከዚያ ወደ እንስሳ ጀርባ መሄዱ ራሱ የሚያምር አካሄድ ነው። ፊቱ «ኢ» ባይገባበት እንዴት ደስ ባለኝ! እኔ «አከርካሪ አልባ» እመርጣለሁ። «አልባ»ን ተመልከቱልኝ። በግእዝ «አልቦ» የለውም፣ «አልባ» የላትም ማለት ነው። አማርኛ የሴቷን ቅርጽ ወስዶ ጾታውን ረሳና ለሁሉም አደረገው፤ መሬት አልባ፣ ሰው አልባ አውሮፕላን። ለዳፍኒያ ግን የድሮው ጾታ ሳይቀር ይገጥማል። በደህና ጊዜ እናቶቹ ያለ ወንድ ሴት ልጆችን ብቻ ይወልዳሉና ለፍተሻ የሚገቡት በተለምዶ ሴቶች ናቸው። ትንሽ ነገርን በሴት መጥራትም የአማርኛ ልማድ ነው። ስለዚህ «እሷ» ሲሉ ሰዋስውዎም ሥነ ሕይወትዎም ልክ ነው። ለማንኛውም «ኢ-ደንደሴ» የትምህርት ቤት ቃል ሆኗል። ልጆች የሚያውቁትን ቃል ለእኔ ጆሮ ብለው አይንቀሉ። ይተዉት።

የባልደረባዎ «መንቀሳቀስ አቆሙ» ከ«ኢ-ተንቀሳቃሽ» ይሻላል። ቢያንስ ግሥ ነው። ግን «መንቀሳቀስ» ላይ ያልኩት ሁሉ እሱንም ይነካል። «አቆመ»ም ይጎረብጠኛል። ማጨስ አቆመ፣ ሥራ አቆመ ስንል ፈቃድ ያለ ይመስላል። አንዲት ቀን ያልሞላት ዳፍኒያ በፈቃዷ ምንም አላቆመችም። ኬሚካሉ ነው ያስቆማት። በእርግጥ «ልቡ መምታት አቆመ» እንላለን። እዚያ ፈቃድ የለም። ይህን የሚያነሣብኝ ሰው ሊረታኝ ይችላል። ቢሆንም የተሻለ ግሥ በእጃችን እያለ ለምን በዚህ እንረካለን?

የተሻለው «ተሳነ» ነው። ግእዙ «ስእነ» ይላል፣ አልቻለም፣ አቅም አጣ ማለት ነው። የመሐሉ «አ» ሲዋጥ «ሳነ»፣ «ተሳነ» ሆነ። «ለእግዚአብሔር የሚሳነው ነገር የለም» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። «መስማት የተሳነው» ስንልም ይኸው ግሥ ነው። አሠራሩን ይዩት። «መዋኘት ተሳናት» ስንል ባለቤቱ እሷ አይደለችም። ባለቤቱ መዋኘቱ ነው። እሷ ተሳቢ ናት። ነገሩ ደረሰባት እንጂ አላደረገችውም። አንድ ኬሚካል በአንዲት እንስሳ ላይ የሚያደርሰውን ለመናገር ከዚህ የተሻለ የግሥ ቅርጽ አላውቅም። ደግሞ ከሚታየው አያልፍም። ሞተች አይልም፣ ሰውነቷ ደረቀ አይልም። መዋኘት አልቻለችም፣ በቃ።

«ተሳነ» ለሰው የተሰጠ፣ አክብሮት ያለበት ቃል ነው፣ ለእንስሳ አይሆንም የሚል ይኖራል። እኔ ይህ አያስፈራኝም። ቃሉ ሰው ላይ የመጣው አቅም ማጣትን ስለሚናገር ነው። አቅም ደግሞ እንስሳም ታጣለች። ከበደኝ ካሉ «መዋኘት አቃታቸው» ይበሉ። የመንደር አማርኛ ነው፣ ግን አሠራሩ አንድ ነው፣ ስህተትም የለበትም።

ዘገባዎ ውስጥ ሌላ ወጥመድ እንዳለ እገምታለሁ። ከፍተሻው የሚወጣው ዋና ቁጥር ግማሾቹ መዋኘት የሚሳናቸው የኬሚካል መጠን ነው። በሊትር ስንት ሚሊግራም ተብሎ ይጻፋል። ይህን «ግማሹን ገዳይ መጠን» አይበሉት። ያ ሞት ለሚቆጠርበት ፍተሻ ነው። «ውጤታማ መጠን»ም አይበሉት። ብዙ ቦታ ተጽፎ አይቻለሁ፣ ባየሁ ቁጥርም ያመኛል። ውጤታማ ተማሪ፣ ውጤታማ ሥራ እንላለን። ውጤታማ በአማርኛ ሙገሳ ነው። እንስሳትን አቅም ያሳጣ መጠን ምስጋና አይገባውም።

እኔ ብሆን «ነሳ»ን እጠቀም ነበር። እንቅልፍ ነሳው፣ ጤና ነሳው፣ ዕረፍት ነሳው። ስለዚህ «ግማሾቹን ዋና የሚነሳ መጠን»። በነገራችን ላይ «ዋና» ላይ «ነ» አለ፣ «ዋኘ» ላይ «ኘ»። «ነ» ከጠፋ «የ» ጋር ተጋጭታ ነው «ኘ» የሆነችው፤ ስሙ ግን አሮጌዋን ድምፅ ጠብቆ ቆየ። «ዋና የሚነሳ» ለአንዳንዱ አንባቢ «ዋናውን ነገር የሚወስድ» ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሲጠቅሱት «መዋኘት የሚነሳ» ብለው ይፍቱት።

ስለ «አጣዳፊ» አልጠየቁኝም፣ ግን ርዕሱ ላይ መኖሩ አይቀርም። «አጣዳፊ መርዛማነት» ሲባል አንባቢ አጣዳፊ ጉዳይ፣ አጣዳፊ ስብሰባ ትዝ ይለዋል። ሩጡ፣ ድረሱ የሚል ይመስላል። እዚህ ግን የተፈለገው የተጋላጭነቱ ጊዜ አጭር መሆኑ ብቻ ነው፦ 48 ሰዓት። የረዥም ጊዜው ፍተሻ በዳፍኒያ 21 ቀን ይፈጃል፣ የሚወለዱትንም ልጆች ይቆጥራል። ስለዚህ «የአጭር ጊዜ መርዛማነት» ይበሉ። ጤና ነክ ጽሑፎች «አጣዳፊ»ን አጽንተውታል። እዚያ መልሼ አልነቅለውም፤ ዘመኑ አልፏል። እዚህ ግን ገና አልጸናም።

ዓረፍተ ነገርዎን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «በ48ኛው ሰዓት ከ20ዎቹ ዳፍኒያዎች 11ዱ መዋኘት ተሳናቸው።» ሠንጠረዡ ላይ ቦታ ከጠበበዎት ደግሞ የዓምዱን ራስ «ያልዋኙ» ይበሉት። አራት ፊደል ነው። «ኢ-ተንቀሳቃሽ» ሰባት ነው፣ ጭረቱን ሳንቆጥር።