የጭራቁ ብሎን የማን ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። የፍራንከንስታይንን ጭራቅና ድራኩላን አንድ ላይ ያደረገ ኮሚክ መሥራት ጀምሬያለሁ። ጭራቁ ያው እንደምናውቀው ነው፤ አረንጓዴ፣ ጭንቅላቱ ጠፍጣፋ፣ አንገቱ ላይ ብሎን ያለው። አንዱ ጓደኛዬ «የጥንት ታሪክ ነው፣ ማንም አይጠይቅህም» ይለኛል። ሌላው ደግሞ «ይከሱሃል» ብሎ አስፈራርቶኛል። የቱን ልስማ?

መልስ፦ ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ልክ ናቸው። ታሪኩን እንደልብህ ተጠቀምበት፤ ጣጣው ያለው ብሎኑ ላይ ነው።

ሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን» የሚለውን መጽሐፏን ያሳተመችው በ1818 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ የሞተችው ደግሞ በ1851። የቅጂ መብት በአብዛኛው አገር የሚቆየው ደራሲው ከሞተ በኋላ 50 ወይም 70 ዓመት ነው። ስለዚህ መጽሐፉ የሁሉም ሰው ከሆነ ቆይቷል። የድራኩላ ደራሲ ብራም ስቶከርም የሞተው በ1912 ስለሆነ እዚያም ችግር የለም።

ግን እስቲ መጽሐፉን ገልጠህ ጭራቁን ፈልገው። ብሎን የሚባል ነገር የለም። አረንጓዴም አይደለም። ቆዳው ቢጫ ነው፣ ያውም ከሥሩ ያለውን ጡንቻና የደም ሥር በቅጡ የማይሸፍን፤ ጸጉሩ ጥቁርና የተለቀቀ፣ ጥርሱ ነጭ፣ ከንፈሩ ጥቁር፣ ቁመቱ ስምንት ጫማ ግድም። ለእኔ ከፊልሙ ይልቅ የሚያስፈራው ይሄኛው ነው። ጠፍጣፋው ጭንቅላትና ብሎኑ የመጡት ዩኒቨርሳል የሚባለው የአሜሪካ ፊልም ኩባንያ በ1931 ከሠራው ፊልም ነው፤ ጃክ ፒርስ የሚባል የሜካፕ ባለሙያ ሥራ ነው። አሜሪካ ውስጥ የዚያ ዘመን ፊልም መብት 95 ዓመት ስለሚቆይ ነፃ የሚሆነው 2027 ሲገባ ነው። በኋላ በመጡት ተከታታይ ፊልሞች የተጨመረ ነገር ካለ እሱም የራሱን ተራ ይጠብቃል።

ድራኩላም እንደዚያው ነው። መጽሐፉ ላይ መጀመሪያ የምናገኘው ረጅም ነጭ ሪዝ ያለው ሽማግሌ ሆኖ ነው፣ በቀንም ይንቀሳቀሳል። ፀሐይ ሲመታው የሚጠፋ ቫምፓየር (ደም መጣጭ) የመጣው በ1922 ከተሠራው ኖስፈራቱ ከሚባለው የጀርመን ፊልም ነው። በነገራችን ላይ የዚያ ፊልም ሰዎች ያለ ፈቃድ ታሪኩን ወስደው ስሞቹን ብቻ ቀያየሩ፤ የስቶከር ሚስት ከሰሰች፣ ፍርድ ቤቱም ቅጂዎቹ ይውደሙ አለ። ዛሬ የምናየው ከዚያ ከተረፈው ነው። አንተም «ስሙን ብቀይረውስ?» ብለህ ካሰብክ መልሱ ይኸው።

ሌላው ትርጉም ነው። መጽሐፉ ነፃ ቢሆንም በቅርቡ የተረጎመው ሰው በትርጉሙ ላይ የራሱ መብት አለው። ሐሳቡን ከዋናው መጽሐፍ ውሰድ እንጂ ከትርጉሙ ዐረፍተ ነገር አትገልብጥ።

እና ኮሚኩን አታቁመው። ጭራቁን ቢጫ ቀባው፣ ጸጉሩን ልቀቀው፣ ብሎኑን ንቀለው።