ቅጠል ብቻ የሚያወጣው ቦይዘንቤሪ

አንዲት የሐረር አንባቢ ስለ ቦይዘንቤሪ፣ እሾሃም ሐረግ ላይ ስለሚያፈራው እንጆሪ መሰል ፍሬ፣ እንዲህ ጽፋልኛለች። «ወንድሜ ያመጣልኝን አራት የቦይዘንቤሪ ችግኝ ጓሮዬ ተክያለሁ። ሦስት ዓመቱ ነው። በክረምት እንደ ጉድ ያድጋል፣ አበባ ግን የለውም። ሠራተኛችን በየጥቅምቱ ከሥሩ ይከረክመዋል። ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ያለችው አንዷ ሐረግ ብቻ ዘንድሮ ጥቂት ፍሬ ሰጠች። ማዳበሪያ ልጨምር? ድሬዳዋ ላለችው እህቴስ ችግኝ ልስጣት?» ፎቶም ልካለች።

እህቴ፣ ማዳበሪያውን ተዪው። ጉዳዩን የነገረችኝ ያቺ ከታንከሩ ጀርባ ያለችው ሐረግ ናት። ያፈራችው መቀስ ስላልደረሰባት ነው። አፈርሽ ደህና ነው፣ የሐረር ብርድም በቅቶታል። ጥፋቱ አገራረዙ ላይ ነው።

እንደምገምተው የሠራተኛሽ እጅ ጫት የለመደ ነው። ጫት ሲከረከም ለጋ ቀንበጥ ይሰጣል፤ የሚፈለገውም እሱ ነው። ቦይዘንቤሪ እንዲህ አይደለም። ሥሩ ብዙ ዓመት ይኖራል፣ የሐረጉ ዕድሜ ግን ሁለት ዓመት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ይረዝማል፣ ቅጠል ይለብሳል፣ በየቅጠሉ ብብት እንቡጥ ይቋጥራል። በሁለተኛው ዓመት ከዚያው እንቡጥ አጫጭር ቅርንጫፍ ይወጣና ያብባል፣ ያፈራል፣ ከዚያ ይደርቃል። እሱ ሲያፈራ ከሥር አዲሱ ይወጣል። አንድ ተክል ላይ አባትና ልጅ አብረው ይኖራሉ ማለት ነው። ጥቅምት ላይ ሁሉን ስትቆርጡ የከርሞውን ፍሬ ነው የምትጥሉት። ዘመዱ ሎጋንቤሪም ያው ነው። እሱን በ1880ዎቹ (በፈረንጅ አቆጣጠር) ካሊፎርኒያ ውስጥ ጀምስ ሎጋን የተባለ ዳኛ ከገዛ ጓሮው ነው ያገኘው። ሁለቱም ዲቃላ ቢሆኑም የእናት አባታቸውን፣ የራስፕቤሪንና የብላክቤሪን ጠባይ አልተዉም።

ስለዚህ ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ሁሉን ከሥሩ አትከርክሙት። ከየሥሩ ጠንካራ ጠንካራውን አምስት ስድስት ሐረግ ትተሽ ቀጫጭኑን አውጪ። የተዉሽውን ሁሉ ወደ ግራ ዘርግተሽ እሰሪ። በሚቀጥለው ክረምት የሚወጣውን ወደ ቀኝ። ለቀማው ሲያልቅ የግራውን ከአፈሩ አፍ ላይ ቆርጠሽ ጣዪ። ከዚያ በየዓመቱ ጎን እያፈራረቅሽ ትቀጥያለሽ። ግራና ቀኙ እንዳይምታታብሽ ቀይ ክር እሰሪበት።

መነጽር ሳታደርጊ ግን መቀስ አታንሺ። የተወጠረ ሐረግ ሲቆረጥ ተስፈንጥሮ የሚመጣው ፊት ላይ ነው፤ እሾሁ ደግሞ ዓይን አይምርም። የቆዳ ጓንትም ያስፈልግሻል።

በፎቶው ላይ ያየሁት አስተሳሰር አናዶኛል። ቀጭን ፌሮ በአንድ ክረምት ይዝጋል፣ ሐረጉንም ይበላዋል። የናይለን ሲባጎው ደግሞ አንገቱን አንቆታል። ወፍራም የማይዝግ ሽቦ በጠንካራ ቋሚ ላይ ወጥሪ፤ አንዱን መስመር ጉልበት ላይ፣ ሌላውን ደረት ላይ። ሐረጉን በአሮጌ ጨርቅ ላላ አድርገሽ እሰሪ። መቀሱም በሳምንቱ ሞላው የሚዘልለው ርካሽ ዓይነት ሳይሆን አይቀርም። የተቆረጠው ጫፍ ተጨፍልቋል፤ በሽታ የሚገባው በዚያ ነው። አንድ ጊዜ ጨክነሽ ደህና መቀስ ግዢ። ከተክል ወደ ተክል ስትሄጂ በአልኮል ጥረጊው።

ውሃ እጥረት ካለ ሥሩን በገለባ ሸፍኚ። ፍግ ከጨመርሽ የበሰለ ይሁን፣ ከግንዱም ራቅ ይበል።

ለድሬዋ እህትሽ ችግኝ አትላኪ። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬ 1,200 አካባቢ። ያ ሙቀት ለዚህ ተክል አይሆንም። ለእሷ ሎሚ ይሻላታል። የሎሚም እሾህ እሾህ ነውና፣ መነጽሩን ለእሷም ንገሪያት።