ደራሲው «ስንት ኮፒ ትሸጡልኛላችሁ?» አለን

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ። ሁለት ሴቶች ነን። አንዳችን ሬዲዮ ላይ ፕሮግራም አዘጋጅ ነበረች፣ ሌላዋ የመጻሕፍት አርታኢ ናት። ለሁለት ዓመት የወዳጆቻችንን መጻሕፍት በነፃ ስናስተዋውቅ ቆይተን አሁን ሥራችን ብለን ልንይዘው ነው። የመጀመሪያው ደንበኛችን ግን መጽሐፉ ከታተመ ከአምስት ወር በኋላ መጣና «ስንት ኮፒ ትሸጡልኛላችሁ? በሸጣችሁት ልክ እከፍላለሁ» አለን። ምን እንበለው? ክፍያውንስ እንዴት እንተምን?
ሁለቱ ጓደኛሞች

መልስ፦ እህቶቼ፣ እንኳን ደፈራችሁ! ለሰውየው «የኮፒ ብዛት ቃል አንገባም» በሉት፣ ፊት ለፊት። መጽሐፍ የሚሸጠው ስለተወራለት ብቻ አይደለም። ዋጋው አለ፣ ሽፋኑ አለ፣ መደርደሪያ ላይ መገኘት አለመገኘቱ አለ፣ እነዚህ ደግሞ ያሉት በአሳታሚውና በአከፋፋዩ እጅ ነው። ዛሬ ቃለ መጠይቁን የሰማ ሰው ከሦስት ወር በኋላ መጽሐፉን ሌላ ቦታ አይቶ ይገዛዋል፤ ያንን ሽያጭ ማን ይቆጥርላችኋል? የሽያጩን መዝገብ እሱ ይዞ እናንተ በኮሚሽን ስትሠሩ መጨረሻው ቅያሜ ነው።

የምትሸጡት ድካማችሁን ነው። ትክክለኛውን ጋዜጠኛ መለየት፣ መጽሐፉን በጊዜ እጁ ማስገባት፣ ደጋግሞ መደወል፣ ደራሲውን ለቃለ መጠይቅ ማዘጋጀት። ውሉ ላይ የሚሰፍረውም ይሄው ነው፦ ለስንት ሰው መጽሐፉን እንደምታደርሱ፣ ለስንት ወር እንደምትከታተሉ፣ ማን ምን እንደመለሰ በየስንት ቀኑ በጽሑፍ እንደምታሳውቁት። ያልተሳካውንም አሳውቁት። ደራሲ «እምቢ አሉን» ሲባል ያዝናል፣ ዝም ሲባል ግን ይጠራጠራል።

ክፍያን በተመለከተ የሰው ዋጋ አትቅዱ። አንዱን መጽሐፍ ይዛችሁ እያንዳንዱን ሰዓት ደብተር ላይ መዝግቡ፦ ማንበቢያውን፣ መጻፊያውን፣ ስልኩን፣ ስቱዲዮ በር ላይ የጠበቃችሁትን ሁሉ። ድምሩ ያስደነግጣችኋል። ከዚያ ለአንድ መጽሐፍ በጥቅል ወይም በወር ቁርጥ ዋጋ አውጡ፣ ከፊሉንም ሥራ ሳትጀምሩ ተቀበሉ። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኔም ወድቄበታለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት መጻሕፍት በይሉኝታ በነፃ ሠራሁ፣ አራተኛው ደራሲ ሲመጣ «ለእነ እገሌ በነፃ ሠርተሽ የለ?» አለኝ፣ መልስ አጣሁ። ሴት ስንሆን ደግሞ የምንሠራውን እንደ ውለታ የሚቆጥር ሰው ይበዛል፣ «ሁለት ሦስት ስልክ መደወል እኮ ነው» ይሉናል። ሁለት ሦስት ስልክ አይደለም! ለዓመታት ያከበራችሁት ግንኙነት ነው።

ያ ግንኙነት ነው ሀብታችሁ። ስለዚህ ያላነበባችሁትን መጽሐፍ አትያዙ። ዳር እስከ ዳር አንብቡና ካላመናችሁበት ገንዘቡ ቢያስፈልጋችሁም መልሱት። አንድ ጋዜጠኛ በእናንተ ቃል ሁለት ጊዜ ደካማ መጽሐፍ ካነበበ ሦስተኛውን ስልክ አያነሳም።

አሁን ለጋዜጠኛው ወደምትጽፉት ደብዳቤ። የሬዲዮዋ እህቴ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ጠዋት ኢሜይል ሲከፈት «ልብ አንጠልጣይ ድንቅ መጽሐፍ ገበያ ላይ ዋለ» የሚለውን ማንም አያነበውም። እንዲህ ቢባልስ፦ «እናቱን ለሰባት ዓመት ያስታመመ ልጅ፣ እናቱ ስሙን የረሳችበትን ቀን ገጽ 84 ላይ ጽፎታል። ስለ አስታማሚዎች የምትሠሩት ፕሮግራም ላይ ቢቀርብ ሊናገር ዝግጁ ነው።» ሰው አለ፣ ገጽ አለ፣ ለምን ያንን ጋዜጠኛ እንደመረጣችሁት አለ። ደብዳቤውን በአምስት ስድስት መስመር ጨርሱት። ከሥሩ ርዕሱ፣ የደራሲው ስም፣ የገጽ ብዛቱ፣ የታተመበት ቀን፣ 13 አሃዝ ያለው የአይኤስቢኤን ቁጥሩ (የመጽሐፉ ዓለም አቀፍ መለያ) እና ስልካችሁ ይግባ። የሽፋኑ ፎቶ ጥራት ያለው ይሁን። አርታኢዋ፣ ገጽ 84ን ፈልጎ ማግኘት ያንቺ ድርሻ ነው፣ እንደ አርታኢ ያነበበ ሰው ብቻ ነው የሚያገኘው።

አምስት ወር ዘግይቶ መምጣቱ ይጎዳል፣ አልዋሻችሁም። ይሄ ሥራ የሚጀመረው መጽሐፉ ከመውጣቱ በፊት ነው። ፐብሊሸርስ ዊክሊን የመሰለ የመጽሐፍ ንግድ መጽሔት ገና ከኅትመቱ ከወራት በፊት መጽሐፉን ይፈልጋል፣ ወርኃዊ መጽሔቶችም እትማቸውን ቀድመው ያቅዳሉ። «አዲስ መጽሐፍ» የሚለው ወሬ ካለፈ ግን ርዕሰ ጉዳዩ አላለፈም። ያ የአስታማሚው መጽሐፍ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 21፣ በዓለም የአልዛይመር ቀን ሰሞን፣ እንደገና ሊነሳ ይችላል። ዩኔስኮ በፈረንጆቹ 1995 ያወጀው የዓለም የመጽሐፍና የቅጂ መብት ቀንም አለ፣ ኤፕሪል 23። ብቻ እነዚህን ቀኖች ሁሉም ስለሚያውቃቸው ቀደም ብላችሁ ጻፉ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ደራሲው «አስተያየት የሚጽፉልኝ ሰዎች ግዙልኝ» ካለ እምቢ በሉት። መጽሐፍ በኢንተርኔት የሚሸጠው አማዞን የተከፈለበትን የደንበኛ አስተያየት ይከለክላል፣ የቤተሰብንም የቅርብ ወዳጅንም ጭምር፣ ሲደርስበትም ይሰርዘዋል። መጽሐፉን በነፃ ሰጥቶ «የመሰለህን ጻፍ» ማለት ይቻላል፣ «አወድስልኝ» ማለት ግን አይቻልም።

በመካከላችሁም ውል ይኑር። ማን ገንዘቡን እንደሚይዝ፣ አንዳችሁ ብትወልዱ ወይም ብትታመሙ ድርሻው እንዴት እንደሚሆን፣ ብትለያዩ የስልክ ዝርዝሩ የማን እንደሆነ አሁን፣ ፍቅር ሳለ፣ ጻፉት።

ሰውየውን ግን አታባርሩት። መጽሐፉን ይስጣችሁና አንድ ሳምንት ወስዳችሁ ሁለታችሁም አንብቡት። ገጽ 84 ካለው ደውሉለትና ውሉን ይዛችሁ ቅረቡ።